ሁለት ጣት ያጠረው ሰደፍ

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ጠመንጃ ልጽፍ ነውና ከወዲሁ አትደንግጥ። የማወራህ ሰው ስለሚወድቅበት ጠመንጃ ሳይሆን ወረቀት ስለሚበሳበት ጠመንጃ ነው። እሱንም ቢሆን ስለ ብረቱ ብዙ አልልም። ወሬዬ ስለ እንጨቱ ነው፤ ትከሻ ላይ ስለሚያርፈው፣ ጉንጭ ስለሚደገፍበት፣ እጅ ስለሚጨብጠው ገላው፤ ስለ ሰደፍ። ሰደፍ ስንል ብዙ ጊዜ የኋለኛውን ጫፍ ማለታችን ቢሆንም፣ እዚህ ላይ ብረቱን የተሸከመውን አካል በሙሉ በዚሁ ስም ብጠራው ቅር እንደማይልህ ተስፋ አደርጋለሁ።

የአገሬ ሰው ጠመንጃ ሲያይ ስለ ሰደፉ አይጨነቅም። ስሙን ይጠይቃል፤ ውጅግራ ነው ምንሽር? ይላል። ቀጥሎ ማን እንደታጠቀውና የት እንደዋለ ይጠይቃል። ሰደፉ ቢሰነጠቅ በጠፍር ይታሰራል፣ በሽቦ ይጠመጠማል፤ አለቀ። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከዚህ የተሻለ እውቀት አልነበረኝም።

ባለፈው ክረምት፣ እዚህ ዝናብ እዚያ ሐሩር በሆነበት ወራት፣ ቨርጂኒያ የሚኖረው አጎቴ ዘንድ ሁለት ወር ከረምኩ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ስልሳ ሰባት ዓመቱ። በሱዳን አቋርጦ አሜሪካ ከገባ አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ ሦስት ልጆች አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል። እኩዮቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ቡና ቤት ተሰብስበው የአገር ቤትን ፖለቲካ ሲያቦኩ፣ እሱ መኪናው ላይ ረጅም ሣጥን ጭኖ ወደ ገጠር ይወጣል። ነገሩን ያስለመዱት የታክሲ ደንበኛው የነበሩ አንድ ጡረተኛ ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት ይመስለኛል፣ ‹‹በአንድ ሺህ ያርድ ርቀት ሲተኮስ አይተህ ታውቃለህ?›› ብለው ጠየቁት። ‹‹አባቴ በውጅግራ ሲተኩስ አይቻለሁ፤ ያርዱን ግን አልለካሁትም›› አላቸው። በዚያው ተግባቡ።

አንድ ሺህ ያርድ 914 ሜትር ነው። ጥይቱ ከአፈሙዙ ወጥቶ ዒላማው ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። በዚህች ጊዜ ውስጥ ነፋስ ይገፋዋል፣ የመሬት ስበት ወደታች ይጎትተዋል። አጎቴ ለዓመታት የተወዳደረበት ስልት የዱሮው ነው። በደረት ይተኛሉ፤ የጠመንጃውን ማንገቻ ግራ ክንድ ላይ ጠምጥመው ያጠብቃሉ፤ ቴሌስኮፕ የለም፣ በትንሽ ቀዳዳ አጮልቀው ያነጣጥራሉ። ድጋፍ የሚባል ነገር የለም፤ ጠመንጃውን የሚሸከመው አጥንትና ጠፍር ብቻ ነው። አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ሃምሳ አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ አንድ እንጀራ በሉት። አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ከሚጎድለው ርቀት ላይ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ እንጀራ መምታት ማለት ነው።

ጨዋታው የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1874 አሜሪካኖችና አይሪሾች ኒውዮርክ አጠገብ ክሪድሙር በተባለ ሜዳ እስከዚሁ ርቀት ድረስ እየተኮሱ ተጋጥመው፣ አሜሪካኖቹ 934 ለ931 አሸንፈዋል። በዚያ ቀን ሚልነር የተባለ አይሪሽ ተኳሽ የዒላማውን እምብርት መታ፤ ግን የመታው የራሱን ሳይሆን የጎረቤቱን ዒላማ ነበርና ዜሮ ተቆጠረበት። ቡድኑ በሦስት ነጥብ መሸነፉን ስታስብ፣ ሰውየው ማታ እንዴት እንቅልፍ ወሰደው? ያሰኝሃል። አጎቴ ይህን ታሪክ ሲያወራኝ አንድ ነገር ጨመረ። ‹‹ያው በ1874 ፈረንሳዮች ፉዚ ግራ የሚባለውን ጠመንጃ አወጡ። እኛ ውጅግራ ያልነውን። የአባባ ጠመንጃና የእኔ ጨዋታ እኩያሞች ናቸው›› አለኝ። ኩራቱን ልትነካው ትችል ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ሣጥኑን መጀመሪያ ሲከፍትልኝ ሆዴ ቡጭ ነው ያለው። እኛ አገር ባለፉት ዓመታት ጠመንጃ ምን እንዳደረገን ለማንም አልነግርም፤ የየቤታችሁን እናንተ ታውቁታላችሁ። አጎቴም ገባው። ‹‹እዚህ የምንተኩሰው አፈር ላይ በተተከለ ወረቀት ነው። ወረቀት እናት የለውም›› አለኝ። አጽናንቶኛል ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን ዝም አሰኝቶኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እኔ በሄድኩበት ዓመት አጎቴ ቀኝ ትከሻውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ግራ ክንዱም ለዓመታት በማንገቻ ሲታሰር የኖረ በመሆኑ ሌሊት ሌሊት ይደነዝዘዋል። በደረት ተኝቶ ቀና ማለት አንገቱን ያመዋል። በዚያች ትንሽ ቀዳዳ ሲያይ ደግሞ ዒላማው ጭጋግ ይለብስበታል። ሐኪሙ ‹‹በማንገቻ መተኮስ ይብቃህ›› ብሎታል። ባለቤቱ ‹‹ጠመንጃ መተኮስ ራሱ ይብቃህ›› ብላዋለች። እሱ ግን ሁለቱንም አልሰማም፤ ወይም የሰማ አይመስልም።

አንድ ማታ ከእራት በኋላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የጠመንጃ ሰደፍ የሚሸጡ ድርጅቶችን ካታሎግ ዘረገፈብኝ።

‹‹አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፤ መጠየቅ ታውቂያለሽ። ምረጪልኝ›› አለኝ።

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ስወስድ ስለ ሰደፍ የተማርኩት አንድም ነገር የለም። ሆኖም ጥሬ ሀቅ መሰብሰብ ተምሬያለሁና ደብተሬን አወጣሁ። ሳምንት ሙሉ እሱን፣ ጓደኞቹንና መጽሔቶቹን ስጠይቅ ከረምኩ። ያገኘሁትን በአጭሩ ላካፍልህ።

ሰደፍ በአራት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ከአንድ ግንድ የተጠረበ እንጨት ነው፤ ከሁሉም የሚከበረው የዋልነት እንጨት ነው። የአጎቴ የዱሮ ሰደፍ ከዚሁ ነው። የደም ሥር የመሰለ ጥቁር መስመር ተስሎበታል፤ እጅ ሲነካው ይሞቃል። የሚወለወለው በምን መሰለህ? በተልባ ዘይት። ይህን ስሰማ በሳቅ ፈነዳሁ። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት የተሰቀለውን የአባባን ውጅግራ በተልባ ዘይት የምወለውለው እኔ ነበርኩ። እንጨት ግን አንድ አመል አለው። ከተቆረጠም በኋላ ይጠጣል፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ያበጠ እንጨት ብረቱን በጎን ሲጫነው ጥይቱ ትናንት ከሄደበት አይሄድም። በአንድ ሺህ ያርድ ላይ፣ ከአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ መዛነፍ ማለት ሃያ ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ስቶ መሄድ ነው። የቨርጂኒያ ሐምሌ ደግሞ አየሩ የተጨመቀ ፎጣ ነው።

ሁለተኛው ወገን ፋይበር ግላስ ነው። እንጨቱ የሚያብጥባቸው የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኞች፣ ማሪኖቹ፣ ቬትናም ውስጥ ይህን በመከራ ተምረዋል። ኤም 40 የሚባለው የአልሞ ተኳሾቻቸው ጠመንጃ የእንጨት ሰደፍ በዚያ ሙቀትና እርጥበት እየተጣመመ አስቸገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጠመንጃውን ሲያድሱት ማክሚላን የሠራውን የፋይበር ግላስ ሰደፍ አለበሱት። ይህ ሰደፍ ዝናብ ቢመታው፣ ፀሐይ ቢያከረው ቅርፁን አይለውጥም።

ሦስተኛው ከአሉሚኒየም የተፈለፈለ ነው። በየቦታው ብሎን አለው፤ ያሳጥሩታል፣ ያስረዝሙታል፣ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ሰውየው ቢወፍርም ቢከሳም ያስተናግዳል። አጎቴ ግን ፎቶውን ሲያይ ፊቱን አጨፈገገ። ‹‹ይኼ የሆስፒታል ክራንች ነው›› አለ።

አራተኛው ስስ የእንጨት ገበታዎችን በጠንካራ ሙጫ አጣብቀው፣ ጨምቀው የሚሠሩት ነው። ከአንድ ወጥ እንጨት ይከብዳል፤ በእርጥበት ግን እንደሱ አይታለልም። እንጨትም ነው፣ እንጨት ብቻም አይደለም።

ዋጋቸውን አትጠይቀኝ። ደህና የሚባለው ውድ ነው።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ የተረዳሁት ግን ጥያቄው ከምን ይሠራ የሚል አለመሆኑን ነው። አጎቴ ካታሎጎቹን ሲያገላብጥ ዐይኑ የሚያርፈው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰደፍ ላይ ነበር፤ ዋልነት፣ ከዱሮው ጋር አንድ ቅርፅ ያለው፣ ለማንገቻ መንጠቆ የተበጀለት። አዲስ ሰደፍ ሳይሆን አሮጌ ትከሻውን በአዲስ ዋጋ ሊገዛ ነበር የፈለገው።

ምርጫ አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ከካናዳ የመጣ፣ ኤፍ ክላስ የሚባል የውድድር ዘርፍ አለ። ‹‹ኤፍ›› የሚለው ፊደል የተወሰደው ከጆርጅ ፋርኩሃርሰን ስም ነው። እኚህ ካናዳዊ ተኳሽ ዐይናቸውና ክንዳቸው ሲደክም ጨዋታውን ከመተው ይልቅ ጠመንጃውን በድጋፍ ላይ አሳርፎ፣ በቴሌስኮፕ አይቶ መተኮስን መረጡ። ሌሎችም ተከተሏቸው። በዚህ ዘርፍ ውስጥ ባለ ሁለት እግር ድጋፍ ብቻ የሚፈቀድበት ክፍል አለ፤ ጠመንጃው ከነቴሌስኮፑና ከነድጋፉ ከ8.25 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም። የአጎቴ 7.62 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ለዚህ ይበቃል። የሚያስፈልገው ሰደፉን መቀየር ብቻ ነው። ቴሌስኮፕ ከዱሮው ማነጣጠሪያ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ የጉንጭ ማሳረፊያው ከፍ ማለት አለበት፤ ትከሻው ስለተጎዳ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርዝመት ማጠር አለበት።

ይህን ስነግረው፣ ‹‹እሱ የሽማግሌዎች ጨዋታ ነው›› አለኝ።

‹‹ጋሼ፣ ስልሳ ሰባት ዓመትህ ነው እኮ›› አልኩት።

‹‹ዕድሜዬን አልጠየቅሁሽም፤ ሰደፍ ነው የጠየቅሁሽ›› አለና ካታሎጉን ዘጋው።

ቅዳሜ ተያይዘን አንድ ሰደፍ ሠሪ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ሸምግለዋል፤ ሱቃቸው ከቤታቸው ጓሮ ነው፣ እንጨት እንጨት ይሸታል። አጎቴን ምንም ሳይጠይቁ ምንጣፍ ላይ በደረቱ አስተኙት። ጠመንጃውን ካስያዙት በኋላ ዐይኑን እንዲጨፍን፣ ሁለት ጊዜ እንዲተነፍስ ነገሩት። ‹‹አሁን ግለጥ። የት ነው የምታየው?›› አሉት። አጎቴ ዝም አለ። ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ምልክት በግራ በኩል ርቆ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር።

ሽማግሌው አስረዱን። ሰው ዐይኑን ገልጦ ሲያነጣጥር የጎደለውን በጡንቻው ይሞላዋል። አንገቱን ያሰግጋል፣ ትከሻውን ይገፋል፤ ምልክቱ ላይ ያረፈ ይመስለዋል። ዐይኑን ሲጨፍን ግን ጡንቻው ይለቅና ጠመንጃው ወደ እውነተኛ ቦታው ይሄዳል። ምላጩ ሲሳብም እንዲሁ ነው፤ ጠመንጃው የሚራገጠው ዐይን ወዳየበት ሳይሆን ገላ ወዳዘነበለበት ነው። እንግዲህ ሰደፍ መምረጥ ማለት ዐይንህን ጨፍነህ ስትገልጥ ምልክቱ ላይ የምትገኝበትን መፈለግ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ‹‹ሌላ ሰው ያሸነፈበትን ሰደፍ አትግዛ። ያ ሌላ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት የነበርከው አንተ ብትሆንም እንኳ።››

ስንመለስ አጎቴ ሬዲዮ አልከፈተም። እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ ይዤው የኖርኩትን ነገር ለመናገር ድፍረት ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

የአባባ ውጅግራ ሰደፍ ከሌሎቹ ሁለት ጣት ያህል ያጥር ነበር። ቤተ ዘመድ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል፤ በአርበኝነቱ ዘመን የጥልያን ጥይት መትቶ ሰብሮታል። ለልቅሶ የመጣ፣ ለሠርግ የመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን ሳይሰማ አይሄድም። እኔ ግን በተልባ ዘይት ስወለውለው ጫፉን በጣቴ ዳብሼዋለሁ። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አያቴን፣ እምዬን፣ ‹‹እንጨት ሲሰበር ጥርስ ያወጣል፤ ይኼ ግን የተላጨ ይመስላል›› አልኳት። እምዬ ወዲያ ወዲህ አየችና በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ‹‹ክንዱ በቁርጥማት አልዘረጋ ቢለው ጊዜ ራሱ በመጋዝ አሳጠረው። ጥልያን ሰበረው ማለት እርጅና ሰበረው ከማለት ይቀላል፤ ወንድ አይደል? በይ፣ ይህን ለአጎቶችሽ እንዳትተነፍሺ›› አለችኝ። አልተነፈስኩም። እምዬም አለፈች፤ ጠመንጃውም ከእጅ እጅ ዞሮ ከዐይኔ ጠፋ።

መኪናው ውስጥ ይህን ለአጎቴ ነገርኩት። ለእምዬ የገባሁትን ቃል ማፍረሴን አውቃለሁ። የአንድን ሰው አባት ከጀግንነት ወንበሩ ላይ አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረጌንም አውቃለሁ። አጎቴ መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። አንድም ቃል አልወጣውም። ቤት ስንደርስ ‹‹ደክሞኛል›› ብሎ ገባ። ያን ሌሊት እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ የክሪድሙሩ አይሪሽ ትዝ አለኝ፤ አነጣጥሮ፣ በትክክል መትቶ፣ ግን የሌላ ሰው ዒላማ ላይ።

በማግስቱ ጠዋት ቡና ስናፈላ አጎቴ ስልክ ደውሎ ሰደፍ አዘዘ። ከስስ ገበታ የተጣበቀውን፣ የጉንጭ ማሳረፊያው ከፍ ዝቅ የሚለውን፣ የኋላው ጫፍ በብሎን የሚያጥረውን። ‹‹እንጨት ነው ቢያንስ›› አለ ለማንም ሳይሆን።

ሰደፉ ሲመጣ ሥራው የተሠራው ጋራዥ ውስጥ ነው። የተዘጋጀ ሰደፍ ቢሆንም ብረቱ ላዩ ላይ ተወርውሮ የሚቀመጥ አይደለም። መቀመጫው ላይ ኤፖክሲ ይፈስስና ብረቱ ሳይጨናነቅ፣ ሳይወላገድ በራሱ ቅርፅ ልክ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ሲደርቅ ሁለቱ እንደ ሻጋታና እንደ ጧፍ ይገጥማሉ። አፈሙዙ ግን እንጨቱን መንካት የለበትም፤ ጥይት ሲያልፍበት ይንቀጠቀጣልና በነፃነት ይንቀጥቀጥ ተብሎ ይተዋል። አንድ ቦታ ላይ እንጨቱ ቀርቦ ስለነበር አጎቴ የብርጭቆ ወረቀት በዱላ ላይ ጠቅልሎ መፋቅ ጀመረ። እኔ ሰደፉን በሁለት እጄ እንድይዝለት አደረገኝ።

‹‹ጠበቅ አድርገሽ ያዢ። ወደ ደረትሽ አስጠጊው።››

አስጠጋሁት። ትንሽ ፋቀና ቆመ።

‹‹እኔም እንዲህ ነበር የያዝኩት›› አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

‹‹በ1960 ዓ.ም. ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። አባባ መጋዙን ያዘ፤ እኔ እንጨቱን። ከበረቱ ኋላ፣ እምዬ ገበያ በሄደችበት ቀን። ዱቄቱን በእግሩ አፈር አለበሰው። ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ‘ጥልያን ነው የሰበረው፤ አይደል?’ አለኝ። ‘አዎ አባባ’ አልኩት።››

‹‹ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ?›› አልኩ።

‹‹እሷ የምታውቅ አልመሰለኝም ነበር›› አለ። ድምፁ ትንሽ ተሰበረ፤ ወዲያው ግን ሳቀ። ሦስቱም፣ ባል፣ ሚስትና ልጅ፣ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ከሌላው አንድ ምስጢር ደብቀው ኖረዋል። የተቆረጠውን ሰደፍ ሁሉም ያውቁታል፤ ሁሉም ጥልያንን ይወቅሳሉ።

ፍቆ ሲጨርስ ከኪሱ ቦርሳ አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት አወጣ። በሳንቲም ከመተካቷ በፊት የነበረችው፣ የልጅ ፊት ያለባት የአንድ ብር ኖት ናት። ከአገር ቤት ያመጣላት ሰው እንዳለ ነገረኝ። አሜሪካኖቹ አፈሙዙ እንጨቱን አለመንካቱን የሚያረጋግጡት የዶላር ኖት በመሃላቸው በማሳለፍ ነው። አጎቴ ብሯን ከፊት በኩል አስገብቶ ወደኋላ ጎተታት። የትም ሳትያዝ ተንሸራትታ አለፈች። ‹‹ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የአገሬ ብር እዚህ ያለ ችግር ሲያልፍ ያየሁት›› አለ።

ከዚያ የሰደፉን ጫፍ በብሎኑ ማሳጠር ጀመረ። ተኛ፣ ዐይኑን ጨፈነ፣ ተነፈሰ፣ ገለጠ፤ ተነሳ፣ አሳጠረ፣ እንደገና ተኛ። በአምስተኛው ላይ ዐይኑን ሲገልጥ ሳቀ። ምልክቱ ላይ ነበር። ካሳጠረው ልክ ላይ ጣቴን አኖርኩበት፤ ሁለት ጣት ሊሆን ጥቂት ቀረው። ለእሱ አልነገርኩትም። ጠመንጃውን ታቅፎ የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ላይ ወጣ፤ ከዚያም ያለ ጠመንጃው ወጣ። ልዩነቱ 7.9 ኪሎ ሆነ። ‹‹እኔም ከብጄአለሁ›› ብሎ ወረደ።

ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት ባለው እሑድ ውድድር ነበር። እኔ የተመደብኩት ዒላማዎቹ ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነው። በዚህ ጨዋታ ዒላማውን የሚያወርድና የሚያወጣ ሰው ከግንቡ ሥር ይቀመጣል። ጥይቱ ወረቀቱን ሲበሳ ዒላማውን አውርደህ ቀዳዳው ላይ ምልክት ታደርጋለህ፣ መልሰህ ታወጣዋለህ። ጥይቱ ከራስህ በላይ ሲያልፍ አየሩን እንደ ጅራፍ ያጮኸዋል፤ የጠመንጃው ድምፅ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ፣ ከሩቅ፣ ደብዘዝ ብሎ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች ስሰማ ጆሮዬን ይዤ ቁጢጥ አልኩ። እኔ ያደግሁበት አገር ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት። ከአጠገቤ የነበሩት ሰዎች ግን ሳንድዊች እየበሉ ነበር። ወረቀት እናት የለውም ያለኝ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ያጽናናኝ ግን አሁንም አይደለም።

በኤፍ ክላስ አሥር ነጥብ የሚሰጠው ክብ የዱሮው ግማሽ ነው፤ ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል። እንጀራው ሳህን ሆኗል። የሽማግሌ ጨዋታ ነው ያለው ሰው ይህን ሲያይ ምን ይል ይሆን ብዬ ነበር። አጎቴ ሃያ ጥይት ተኮሰ። መጀመሪያ ላይ ነፋሱ አታለለውና ሁለት ሦስቱ ከክቡ ወጡ። ከዚያ በኋላ ግን እኔ የማወርደው ወረቀት ላይ ቀዳዳዎቹ እየተሰበሰቡ፣ እየተቀራረቡ መጡ። አንደኛ አልወጣም፤ ከመካከለኞቹ መካከል ነበር። ሲነሳ ግን ትከሻውን አልያዘም፤ ይህን ከሩቅ በመነጽር አይቼዋለሁ።

ሁሉም ሲያበቃ ከመኪናዎቹ አጠገብ ቡና እየጠጡ ሳለ፣ አንድ የማንገቻ ጓደኛው ወደ አዲሱ ሰደፍ እያየ፣ ‹‹ያ ቆንጆው የዋልነት ሰደፍህስ? ምነው ተውከው?›› ብሎ ጠየቀው።

አጎቴ ቡናውን ፉት አለ። እኔን አየኝ። ጥርሱን ነከስ አድርጎ ሳቁን ያዘ።

‹‹ተሰበረብኝ›› አለው።

ጓደኛው ከልቡ አዘነ። እኔ ደግሞ ዞር ብዬ በነጠላ የምሸፍነው አፍ ስላልነበረኝ በቡና ጽዋዬ ሸፈንኩት።